በጣና ዙሪያ ለተማሪ ምርምር የቱ ይሻላል? አምስት የኢኮሎጂካል ምህንድስና ሥራዎች ሲነጻጸሩ

ኅዳር ሲገባ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። «ርዕስህ ጸደቀ?» «እምቦጭ ላይ አድርገው ተብያለሁ።» «እኔ ቦረቦር አስገብቻለሁ፤ ቦታውን ግን ገና አላየሁትም።» ከዚያ ሰኔ ይመጣል። አንዱ በቂ ዳታ የለውም። ሌላዋ ዳታ አላት፤ የምታነጻጽርበት ግን የላትም።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ለአማካሪ መምህራን፣ ለክበብ አስተባባሪዎች፣ ትንሽ ገንዘብ ይዘው «ተማሪ እናሳትፍ» ለሚሉ ቢሮዎችም ያገለግላል።

ኢኮሎጂካል ምህንድስና ሲባል ብዙ ሰው ችግኝ ተከላ ይመስለዋል። ነገሩ ሰፋ ይላል። ሲሚንቶ፣ ብረትና ሞተር ይሠሩት የነበረውን ሥራ ለተክል፣ ለአፈርና በዓይን ለማይታዩ ተሕዋስያን ማስረከብ ነው። ስያሜውን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ኢኮሎጂስት ሃዋርድ ኦደም ነው። እኛ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ጣና ደጃችን ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ሰሐን እንጂ ጉድጓድ አይደለም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለል፣ ከተማው የሚለቀው ፍሳሽም ቶሎ ይሰማዋል።

ከታች የማነጻጽራቸው አምስቱ ሥራዎች ይህንኑ ሕመም ከተለያየ ቦታ የሚነኩ ናቸው። ቦረቦርን (ጎርፍ ቆርሶ የፈጠረውን ገደል) ማዳንና የቤተ ክርስቲያን ደን ላይኛው ተፋሰስ ላይ ይሠራሉ። የደንገል ዳርቻ ውኃው ሐይቁ ሊገባ ሲል ይጠብቀዋል። ሰው ሠራሽ ረግረግ የከተማውን ፍሳሽ ይይዛል። እምቦጭ ደግሞ ሁሉም ካመለጠ በኋላ የሚመጣው ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ከሁሉ በላይ የምመዝነው ምልልስን ነው። ቦታው ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ ትደርሳላችሁ? ውድ መሣሪያ ይዞ ሁለት ጊዜ ከመሄድ፣ ሜትር ይዞ ስድሳ ጊዜ መሄድ ይበልጣል። በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስበት ቦታና ኮንትራት ሚኒባስ የሚፈልግ ቦታ እኩል አይደሉም። መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለም ታውቃላችሁ። ፕሮፖዛል ላይ «በየሳምንቱ ናሙና እንወስዳለን» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው።

ቀጥሎ ወቅት ይመጣል። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አፈር የሚሸረሸረው ያኔ ነው። ተማሪ ቤቱ የሚሄደውም ያኔ ነው። ይህን ግጭት ሳይፈታ የተጻፈ የአፈር ፕሮፖዛል ብዙ ዕድሜ የለውም።

ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ነው፤ ኮንትሮል የሚባለው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት መንትያ ረግረጎች ተሠሩ። ውኃው ከአንድ ወንዝ፣ መጠኑም እኩል። አንዱ ላይ ተክል ተተከለ፤ ሌላው ባዶውን ተተወ። ባዶው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱን በራሱ በተክል ሸፈነ። ባዶው ባይኖር ኖሮ የተተከለው ሁሉ «በእኛ ሥራ መጣ» ይባል ነበር። እናንተም «ምንም ባላደርግስ?» የሚለውን የሚመልስ ጎን ለጎን የተቀመጠ ነገር ያስፈልጋችኋል፤ አንድ በርሜልም ቢሆን።

የቀሩት መስፈርቶች የላብራቶሪ ጥገኝነት፣ ፈቃድና ወጪ ናቸው። ወጪውን በብር አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚሄድ ግን እነግራችኋለሁ።

ሰው ሠራሽ ረግረግ፦ በርሜል፣ ጠጠርና ደንገል

በምልልስ ይህን የሚስተካከል የለም። ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ቁርስ ሳትበሉ ናሙና መውሰድ ትችላላችሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ግንበኞች 02 የሚሉትን ጠጠር ይሞላል። በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት 40 በመቶ ገደማ ስለሆነ 80 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። በቀን አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር ፍሳሽ ብታስገቡ ውኃው ውስጡ 4 ቀን ይቆያል። ሁለት ጀሪካን ካስገባችሁ 2 ቀን። ያው፣ የመጀመሪያ የምርምር ጥያቄያችሁ ተገኘ፤ የቆይታው ጊዜ ለውጥ ያመጣል ወይ? ክፍተቱን ግን ከመጽሐፍ አትውሰዱ። በርሜሉን በጠጠር ሞልታችሁ በሊትር እየለካችሁ ውኃ አፍስሱበት።

ቢያንስ ሦስት በርሜል ይኑራችሁ። አንዱ ደንገል፣ አንዱ ፊላ፣ አንዱ ባዶ ጠጠር። ባዶው ጠጠር ሳያስደነግጣችሁ አይቀርም። አብዛኛውን የማጥራት ሥራ የሚሠሩት ጠጠሩና ሥሩ ላይ የሚጣበቁት ባክቴሪያዎች ስለሆኑ፣ ተክል የሌለበትም በደንብ ሊያጠራ ይችላል። ይህ ውድቀት አይደለም። ተክሉ ምን ያህል እንደጨመረ የምታውቁት ያኔ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙዎች ይገቡበታል። ደንገል ውኃ ጠጪ ነው። 20 ሊትር አስገብታችሁ 12 ሊትር ብቻ ሊወጣ ይችላል። ሲገባ በሊትር 50 ሚሊ ግራም የነበረው ቆሻሻ ሲወጣም 50 ቢሆን «ምንም አልሠራም» ትላላችሁ። ቁጥሩን አስሉት። የገባው 1,000 ሚሊ ግራም ነው፤ የወጣው 600። 40 በመቶው ቀርቷል። ስለዚህ የሚወጣውን ውኃ መጠን በየቀኑ ለኩ። ይህን ለመሥራት ባልዲ እንጂ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

የላብራቶሪው ጉዳይ ግን ያስቸግራል። ቢኦዲ5 የሚባለው ምርመራ (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲበሉ የሚጨርሱትን ኦክስጅን የሚለካው) ናሙናው በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን እንዲቀመጥ ይጠይቃል። መብራት ሄዶ ኢንኩቤተሩ ከጠፋ የ5 ቀኑ ልፋት ገደል ገባ። ለዚህ ነው ሲኦዲን (ያንኑ በኬሚካል የሚለካውን)፣ ድፍርስነትንና ፎስፌትን ዋና፣ ቢኦዲን ደጋፊ አድርጉ የምለው። ፍሳሹንም ምረጡ። ከመታጠቢያና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው ለጀማሪ ይሻላል። የወጥ ቤት ቅባት ጠጠሩን ይደፍነዋል፤ የሽንት ቤቱ ደግሞ ለጤና አደጋ ነው። ጓንት በየትኛውም አይቀርም።

ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ሞክሬ ነበር። ሦስት በርሜል፣ የሚያምር ደንገል። ለፋሲካ አገር ቤት ሄድኩ። ስመለስ ደንገሉ ድርቆሽ ሆኗል። የውኃው ቧንቧ ያለበት ክፍል ተቆልፎ፣ ቁልፉ የያዘው ሰው እሱም ለበዓል ሄዷል። የሁለት ወር ሥራ በአንድ ቁልፍ ቀረ። ፎቶዎቹ እስካሁን ስልኬ ላይ አሉ፤ በጣም ያምራሉ።

ቦረቦር ማዳን

ለእኔ ከአምስቱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከባዱም ይህ ነው።

ከባሕር ዳር በአዴት መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ደብረ ማዊ ይገኛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት የሠሩበት ተፋሰስ ነው። እዚያ ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ የለመድነውን ሐሳብ የሚያናጋ ነው። ቦረቦር የሚበላው ከላይ በሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም። ሸለቆው ግርጌ ያለው መረሬ መሬት ክረምቱ ሲገፋ ከውስጡ ይጠግባል። የከርሰ ምድር ውኃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲወጣ ግድግዳው ከእግሩ ይለሰልስና ይናዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ደርድሮ መሄድ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ውኃው በጎን ዞሮ ጋቢዮኑን ብቻውን መሀል ላይ ይተወዋል። ገደሉን አዘቅዝቆ ማስተካከል፣ ሣርና ቁጥቋጦ መትከል፣ ከብት ማራቅ፣ ከላይ ያለውን እርጥበትም ማየት ይጠይቃል።

መለኪያው ርካሽ ነው። በቦረቦሩ ጠርዝ ካስማ ትክሉ፤ ከካስማው እስከ ገደሉ ያለውን በሜትር ለኩ። የተበሳሳ ፒቪሲ ቧንቧ ቅበሩና የውኃውን ከፍታ አንብቡ። ሂሳቡም ቀላል ነው። የቦረቦሩ ራስ በአንድ ክረምት 2 ሜትር ቢሄድ፣ ስፋቱ 3 ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን፣ 12 ሜትር ኩብ አፈር ሄዷል። ክብደቱ 15 ቶን አካባቢ ነው። አንድ ሲኖ ገልባጭ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለአርሶ አደሩም ለቢሮውም ስትነግሩ ያዳምጧችኋል።

ችግሩ ክረምቱ ነው። እናንተ የላችሁም፤ ብትኖሩም በዚያ ጭቃ በየቀኑ አትደርሱም። መፍትሔው ከመንደሩ የሚለካ ሰው መያዝ ነው። «አርሶ አደር አይለካም» ለሚል ሰው ዳንግላን ጥቀሱለት። በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ላይ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውኃ ሲለኩ ቆይተዋል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት፣ ደብተርና እርሳስ። እስክርቢቶ ዝናብ ላይ ይፈሳል። ከወጪያችሁ ትልቁ የእሱ ክፍያና ትራንስፖርት ነው፤ ሳትሸራረፉ ክፈሉት። ስሙም ምስጋና ገጽ ላይ ይግባ።

ፈቃድ ከቀበሌ ይወጣል። እውነተኛው ፈቃድ ግን ከብቶቻቸውን እዚያ ከሚያሰማሩት ነው። ቦረቦሩ ታጥሮ ሣር ሲበቅል ማን ያጭደዋል? ይህ ሳይመለስ የተተከለ ሣር የመጀመሪያው በጋ ላይ ያልቃል። ሽማግሌዎቹን «አባቴ፣ ይህ መሬት ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የቦረቦሩን ዕድሜ ከማንም በተሻለ ይነግሯችኋል።

እምቦጭን ወደ ኮምፖስት

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ርዕሱ ፋሽን ሆኗል፤ ዜና ላይ ስላለ ገንዘብም ይገኝበታል። እኔ ግን ለባሕር ዳር ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

አንደኛ፣ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። 100 ኪሎ ብትጭኑ የምታጓጉዙት ውኃ ነው፤ ደረቁ 10 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሁለተኛ፣ አረሙ የበረታው ከባሕር ዳር ርቆ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በፎገራና በደንቢያ በኩል ነው። ሦስተኛው ያሳስበኛል። ዘሩ ከአሥር ዓመት በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እርጥቡን አረም ወደሌለበት ቦታ ለምርምር ብሎ ማምጣት በሽታውን በእጅ ማዛመት ነው። ጫማችሁና ጀልባችሁ ሳይታጠብ ከዚያ አይውጣ።

የግድ እምቦጭ ላይ እንሠራለን ካላችሁ ግን ሥራው እዚያው ዳርቻ ላይ ይሁን። አንድ ክምር እምቦጭ፣ የከብት እበትና የጤፍ ጭድ፤ ሌላ ክምር ያለ እምቦጭ። የክምሩን ሙቀት በየቀኑ ለኩ። የአረም ዘር እንዲሞት ከ55 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ቀናት መቆየት አለበት፤ እየገለበጣችሁም ዳሩን ወደ መሀል አስገቡ። ሲበስል የሰላጣ ወይም የጎመን ዘር ዝሩበትና ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ። ከፋብሪካ ፍሳሽ አጠገብ የተሰበሰበ ከሆነ ከባድ ብረቶች ሳይመረመሩ አትክልት ላይ እንዳይገባ። አረሙን የሚበላውን ጢንዚዛ ስለመልቀቅ የሚያስብ ካለ፣ ያ የተማሪ ሥራ አይደለም፤ የአገር ፈቃድ ይፈልጋል።

የደንገል ዳርቻን መመለስ

ሐሳቡ ያምራል። ደንገል ደለል ያጣራል፣ ለዓሣ መጠለያ ነው፣ ታንኳም ከእሱ ነው። ኢንፍራንዝ በኩል ያለው ረግረግ ለከተማው ቅርብ ነው። (ኢንፍራንዝና በጎንደር መንገድ ያለችው እንፍራዝ ይምታታሉ፤ አንድ ጓደኛዬ ሚኒባስ ተሳስቶ አውቋል።)

ዋናው ፈተና የሐይቁ ከፍታ ነው። ከክረምት በኋላ ጣና ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ወርዶ ይገኛል። ውኃው አፍ ላይ ኅዳር የተከላችሁት ደንገል ግንቦት ላይ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጨራ ጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ከፍታው በሰው እጅም ነው። ውኃው ሲሸሽ መሬቱን የሚያርስ ሰው አለ፤ እሱን ሳታማክሩ መትከል ጠብ መጥራት ነው። አካባቢው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ የመዘገበው የባዮስፌር ክልል ውስጥ ስለሆነ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ከሆነ ከመትከል ይልቅ ያለውን ለኩ። ደንገል ካለበትና ከሌለበት ዳርቻ የውኃውን ድፍርስነት አወዳድሩ። ታንኳ የሚሠሩትንም ጠይቁ፤ የትኛው ደንገል መቼ ቢታጨድ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ እነሱ ያውቃሉ።

የቤተ ክርስቲያን ደን

በትንሽ ገንዘብ ንጹሕ ዳታ የሚገኘው እዚህ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። ድንጋዩ ከየማሳው ተለቅሞ ነው። ካቡ ከብት ያግዳል፤ ችግኙም ያድጋል። የእናንተ ማነጻጸሪያ እንግዲህ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ ከካቡ ውስጥና ውጭ። 10 በ10 ሜትር ክፈፍ ወጥሩና የወይራ፣ የጥድ፣ የዋንዛ ችግኝ ቁጠሩ። በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ዕድገት እለካለሁ ካላችሁ ግን አንድ ዓመትም አይበቃም።

ፈቃድ ከደብሩ አለቃና ከሰበካ ጉባኤው ነው። አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉ ደሴቶች ሴት አያስገቡም። ቡድናችሁ ውስጥ ሴት ካለች ዘጌን ወይም የየብስ አድባራትን ምረጡ፤ ደርሳችሁ ጀልባ ላይ እንዳትተዋት።

በአንድ ዓይን

| ሥራ | ዋና ወቅት | ምልልስ | ላብራቶሪ | ገንዘቡ የሚሄደው | ፈቃድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሰው ሠራሽ ረግረግ | ዓመቱን ሙሉ | በጣም ቀላል | ከፍተኛ | ምርመራ | ግቢው |
| ቦረቦር | ክረምት | ከባድ | ዝቅተኛ | ትራንስፖርት፣ ለኪ ሰው | ቀበሌና ባለ ከብቶች |
| እምቦጭ ኮምፖስት | ከመስከረም በኋላ | ከባድ | መካከለኛ | ጉልበት፣ ጉዞ | ወረዳ |
| የደንገል ዳርቻ | በጋ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ጀልባ፣ ጥበቃ | ብዙ አካል |
| የቤተ ክርስቲያን ደን | ከክረምት በኋላ | መካከለኛ | የለም ማለት ይቻላል | ትራንስፖርት | ደብሩ |

ለማን የቱ?

አንድ ሴሚስተርና ባዶ ኪስ ካላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን። ሜትር፣ ገመድና ትሕትና ይበቃል።

የሲኒየር ፕሮጀክት ቡድን ከሆናችሁና የላብራቶሪ ቁልፍ የያዘው ቴክኒሽያን ከወደዳችሁ፣ በርሜሎቹን ያዙ። ሥራውን በቀን ተከፋፈሉ፤ አራት ሰው ካላችሁ ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አይደርስም።

ማስተርስ ላይ ከሆናችሁና ሁለት ክረምት ከፊታችሁ ካለ፣ ያለማመንታት ቦረቦር እላችኋለሁ። አንድ ክረምት ብቻ ከቀራችሁ ግን ተዉት። የመጀመሪያው ክረምት መለኪያችሁ የት ላይ እንደሚሰበር የምታዩበት ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ክበቦች ከአምስቱም ከባዱን አይንኩ። 20 ሴንቲ ሜትር ክብ ቆርቆሮ ጥቁርና ነጭ ቀብታችሁ በገመድ ሐይቅ ውስጥ አውርዱ፤ የሚሰወርበትን ጥልቀት በየሳምንቱ ጻፉ። ሴኪ ዲስክ ይባላል። ሦስት ዓመት ያልተቋረጠ የክበብ መዝገብ ካለ የማስተርስ ተማሪ ለምኖ ይወስደዋል።

ገንዘብ ያላችሁ ቢሮዎች፣ ባነርና ቲሸርት ላይ የምታወጡትን ለለኪዎች አበል አውሉት። የአንድ ቀን የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ተማሪውን አሳትፏል፤ ምርምር ግን አይደለም።

ርዕሱን ከማስፈረማችሁ በፊት ቦታው ድረስ በራሳችሁ ኪስ ሦስት ጊዜ ሂዱ፤ አንዱ ቀን ዝናብ የዘነበበት ይሁን። በርሜል የመረጣችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያ አውጡ። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። በየበዓሉ ውኃ የሚያጠጣውን ሰው በስም ጻፉ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለም ከጎኑ።